ዕዝራና ነህምያ በሀይዌይ 81 ላይ

በአሜሪካ ለምንኖር አማኞች የሰመር ወራት የጉዞ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ኮንፈረንስ ይደርሳል፣ ሠርግ ይደራረባል። ቤተ ሰብ አምስት ስድስት ሲሆን የአውሮፕላን ትኬት አይቀመስምና ብዙዎቻችን መኪናችንን ሞልተን እንነሣለን። ቆሎው በፌስታል፣ ቡናው በፔርሙዝ፣ ጥብስና እንጀራው በፎይል ተጠቅልሎ ከኋላ ይቀመጣል። ታዲያ ከመነሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ የመንገድ ክበብ አባል እንሁን ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄው የጥቂት ዶላር ጉዳይ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በእኛ ቤት ግን ከዶላሩ የከበደ ነገር ሊያስከፍለን ስለ ነበር፣ የሆነውን ልንገራችሁና ከእኛ ስሕተት ተማሩ።

ሁለት መንገደኞች፣ ሁለት ጥቅሶች

እ.ኤ.አ. በ2018 በሐምሌ ወር ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ አትላንታ ለኮንፈረንስ ልንሄድ ተዘጋጀን። መንገዱ ከ600 ማይል በላይ ነው። ባለቤቴ ዓርብ ማታ ቃሉን እንዲያካፍል ተጋብዟል። ሦስት ልጆቻችንና ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡት አማቴ አብረውን ናቸው። ሚኒቫናችን ደግሞ ከ160 ሺህ ማይል በላይ የሄደች አሮጊት ነበረች።

«ትሪፕል ኤ እንግባ፤ መንገድ ላይ ብንቆም የሚጎትተን ይኑር» አልኩት ባለቤቴን።

«ለጌታ ሥራ ስንሄድ ጌታ አይጠብቀንም?» አለኝ። ወዲያውም ዕዝራን ጠቀሰልኝ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ንጉሡን ጭፍራና ፈረሰኛ መለመን አፍሮ ነበር (ዕዝራ 8፥22)። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመራቂ ነኝና ዝም አላልኩም፤ ነህምያን አመጣሁበት። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ፣ የጭፍራ አለቆችና ፈረሰኞች አጅበውት ነበር (ነህምያ 2፥9)። እርሱ በዕዝራ፣ እኔ በነህምያ እየተወራወርን አመሸን። በመጨረሻ እርሱ ረታ፤ ትሪፕል ኤም ቀረ።

ነገር ግን ከእርሱ የደበቅሁት አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እኅት ላፕቶፕዋን ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። ሥራዋን አጥታ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አዲስ የጀመረችው ሥራ የአንድ የጉዞ ክበብ አባልነት መሸጥ ነው። መግቢያው 250 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ 45 ዶላር። አባል የሆነ ሰው ሆቴልና መዝናኛ በቅናሽ ያገኛል፤ ሌሎችን ካስገባ ደግሞ ኮሚሽን ይከፈለዋል። እያስረዳችኝ ሳለ የማስበው ስለ ሆቴሉ አልነበረም። «የመጋቢው ሚስት እምቢ አለችኝ ብትልስ?» እያልኩ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ውሉን ሳላነብ፣ ባለቤቴን ሳላማክር በካርዴ ከፈልኩ። ሕሊናዬንም «የጉዞ ክበብ አይደል? መንገድ ላይም ይረዳን ይሆናል» ብዬ አባበልኩት።

በሸለቆው ውስጥ

ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ጸልየን ተነሣን። ባለቤቴ የሀይዌይ 95ን መጨናነቅ ስለማይወድ በ66 ወደ ምዕራብ ሄደን ስትራስበርግ አጠገብ 81ን ያዝን። ይህ ሀይዌይ በቨርጂኒያ ውስጥ ብቻ 325 ማይል ያህል ይዘልቃል። በግራ የብሉ ሪጅ ተራሮች፣ በቀኝ የአሌጌኒ ተራሮች፣ በመካከል የሸናንዶዋ ሸለቆ ተዘርግቷል። ላሞች በመስኩ ላይ ተሰማርተዋል፤ የበቆሎው ማሳ ለምልሟል፤ ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ቀስ እያለ ይነሣል። አማቴ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ይሄማ የእኛው አገር ነው፤ የጎደለው ጎጆና ጭስ ብቻ ነው» አሉ።

ይህን መንገድ የማታውቁ ከሆነ አንድ ቀን ሞክሩት። የጭነት መኪና ይበዛበታልና በትዕግሥት ንዱ። ከሌክሲንግተን ጥቂት ወረድ ብሎ ናቹራል ብሪጅ የሚባለው ከድንጋይ የተፈለፈለ የተፈጥሮ ድልድይ አለ፤ ከፍታው 215 ጫማ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1774 ከእንግሊዝ ንጉሥ ገዝቶት ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ የቨርጂኒያ ስቴት ፓርክ ነው። ምሳችንን እዚያ በላን። ልጆቹ ከድልድዩ ሥር ቆመው ሲዘምሩ ድንጋዩ ድምፃቸውን ይመልስላቸው ነበር። ቀኑ የተባረከ ነበር፤ እስከ አመሻሹ ድረስ።

ሰሜንና ደቡብ በአንድ ሰሌዳ ላይ

ከሮኖክ አልፈን ስንሄድ የባትሪው መብራት በራ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አለ። «ምንም ካልሆነ ለምን ይበራል?» እርሱ መለሰ፣ እኔም ደገምኩ። በዚህ መካከል ወደ ሻርለት በሚወስደው 77 የምንወጣበትን ኤግዚት 81 አለፍነው።

እዚያ አካባቢ፣ ዋይትቪል ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ሁለቱ ሀይዌዮች ለጥቂት ማይሎች አንድ መንገድ ይጋራሉ። ታዲያ ቀና ስል ሰሌዳው በአንድ ላይ «81 ደቡብ» እና «77 ሰሜን» ይላል። አንድ አስፋልት፣ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ መኪናዎች፣ ስሙ ግን ሰሜንም ደቡብም። እኛም እንደዚያው ነበርን፤ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እርሱ ወደ ሰሜን፣ እኔ ወደ ደቡብ።

ብዙም ሳንሄድ መሪው ከበደ፣ መብራቱ ደከመ፣ መኪናዋም በመንገዱ ዳር ቆመች። ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቁሟል። ከጎናችን የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሚኒቫናችን ትወዛወዛለች። ትንሿ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ከቦርሳዬ የክበቡን ካርድ አውጥቼ ደወልኩ። በስልክ ያነጋገረችኝ ሴት በትሕትና «ይህ አባልነት ለሆቴልና ለመዝናኛ ብቻ ነው፤ መኪና መጎተትን አይጨምርም» አለችኝ።

ባለቤቴ ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ ገለባበጠው። «መቼ የወጣ ነው? በስንት?» አለኝ። ነገርኩት። አማቴና ልጆቹ ይሰማሉ። እርሱ ምንም ሳይናገር ካርዱን መለሰልኝ። የዚያን ዝምታ ክብደት ባለ ትዳር የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ጌታ ይመስገን፣ ብዙም ሳይቆይ የቨርጂኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት የደኅንነት ጥበቃ መኪና ደረሰልን። ይህ አገልግሎት በ81 ላይ የሚዘዋወርና ለተቸገረ መንገደኛ ያለ ክፍያ የሚረዳ ነው፤ ጎማ ይቀይራሉ፣ ባትሪ ያስነሣሉ። የእኛው ግን በዚያ የሚድን አልነበረም። መኪና ጎታች ጠርተን 145 ዶላር ከፈልን። ጋራዡ ዕቃውን የሚያገኘው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ክፍል ያዝን፤ 230 ዶላር። ጥገናው 520። የዓርቡ ማታ አገልግሎትም ለሌላ ወንድም ተሰጠ።

ያን ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሆቴሉ ደጃፍ ተቀምጠን ተነጋገርን። ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ራሱን ደፍቶ ቆየና «መብራቱ ከእሑድ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ከጉዞ በፊት ወጪ እንዳይመጣ ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። ውድ አንባብያን፣ እኔ ይሉኝታዬን በአባልነት ካርድ፣ እርሱም ቁጥቁጥነቱን በእምነት ሸፍነን ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው።

መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተን ሁለቱን ምዕራፎች እንደ ገና አነበብናቸው። ዕዝራ ጭፍራ አልለመነም፤ ግን በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም አውጆ ለልጆቹና ለንብረቱ ሁሉ ቀና መንገድ ከአምላኩ ለምኗል። ባለቤቴ ጾሙን ትቶ ጭፍራ አለመለመኑን ብቻ ነበር የወሰደው። ነህምያ ፈረሰኛ ይዟል፤ ግን አስቀድሞ ጸልዮ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለንጉሡ በግልጽ ተናግሯል። እኔ ጸሎቱንም ግልጽነቱንም ትቼ ነበር። ሁለቱም የተሳካላቸው በላያቸው በነበረችው በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን ይመሰክራሉ (ዕዝራ 8፥31፤ ነህምያ 2፥8)። ስለዚህ ጥያቄው «እምነት ወይስ አባልነት» አልነበረም። ሁለታችንም የጎደለን በጌታም በእርስ በርሳችንም ፊት ግልጽ መሆን ነበር።

በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ

ከተመለስን በኋላ አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ብሎ ጌታ አስተምሮ የለም? (ሉቃስ 14፥28) ያወቅነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ «የጉዞ ክበብ» በሚል ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመንገድ ረዳት ነው። ከእነዚህ የታወቀው ትሪፕል ኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በቺካጎ የተመሠረተ የአውቶሞቢል ማኅበር ነው። በየክልሉ ያሉ ክበቦች ኅብረት ስለሆነ ዋጋውና አገልግሎቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አራት ጊዜ ትጠሩታላችሁ፤ መኪና ይጎትታል፣ ባትሪ ያስነሣል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ነዳጅ ያመጣል፣ የተቆለፈ በር ይከፍታል። ልብ በሉ፦ በዝቅተኛው ደረጃ የሚጎትተው ለጥቂት ማይል ብቻ ነው። ሁለተኛው ደረጃ እስከ 100 ማይል ይጎትታል፤ በከፍተኛው ደረጃ በዓመት አንድ ጊዜ እስከ 200 ማይል አለ። አባልነቱ የሚከተለው ሰውን ነው እንጂ መኪናን አይደለም፤ በጓደኛችሁ መኪና ስትሄዱም ይሠራል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ግን አንዱ በሌላው ካርድ አይረዳም፤ እያንዳንዱ መመዝገብ አለበት፤ ሁለተኛው ሰው በቅናሽ ይገባል።

ሁለተኛው ዓይነት እኔ የፈረምኩበት ነው። መኪናችሁ ብትቆም አያውቃችሁም። የሚሸጠው የሆቴልና የመዝናኛ ቅናሽ ነው፤ መግቢያው ትልቅ፣ ወርኃዊው የማያቋርጥ፣ ትርፉም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው በማስገባት ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብላችሁ «ዛሬ ካልፈረማችሁ» የሚለውን ቃል ፍሩ። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽ ባለ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ቢሸጥላችሁ፣ በአብዛኛው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ሙሉ በሙሉ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ግዢን ግን ደንቡ አይሸፍንም። ይህን ያወቅሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች በደብተራችን ጻፍን።

1. ያለን ነገር አለ ወይ? አንዳንድ የመኪና ኢንሹራንሶች የመጎተት አገልግሎትን በጥቂት ዶላር ይጨምራሉ። አዲስ መኪና ከአምራቹ ዘንድ ለተወሰነ ዓመት የመንገድ ርዳታ አለው። አንዳንድ ክሬዲት ካርዶችም ይሰጣሉ። ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ወረቀታችሁን አንብቡ። ለኢንሹራንሱ ደውላችሁም «ስንት ማይል ትጎትታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. መኪናችን ምን ያህል አርጅታለች? ከቤትስ ምን ያህል እንርቃለን? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ለሚነዳ ሰው ሌላ ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ 81ን ለሚወርድ ሌላ።

3. ከእኛ ሌላ የሚነዳ አለ ወይ? ልጅ መንዳት ሲጀምር፣ ወይም ሚስት ማታ ከሥራ ብቻዋን የምትመለስ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይለወጣል።

4. የሆቴሉ ቅናሽ እውነት ነው ወይ? የትሪፕል ኤ ቅናሽ በብዙ ሆቴሎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ሆቴሉ ራሱ በነጻ የሚሰጠው አባልነት ግን ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ታክስ ተጨምሮ፣ መሰረዝ እንደሚቻል ታይቶ የመጨረሻውን ዋጋ አወዳድሩ።

5. ወደ ምን እንሄዳለን? ተራራና ወንዝ የምትወዱ ከሆነ የብሔራዊ ፓርኮች የዓመት ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪዎች 80 ዶላር ነው። ሸናንዶዋ ፓርክ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ስለሚያስከፍል፣ በዓመት ሦስት እንዲህ ያሉ ፓርኮች ለሚጎበኝ ቤተ ሰብ ያዋጣል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ካላችሁ ደግሞ ለዓመቱ የሚሆን ነጻ ካርድ ያገኛል፤ ቤተ ሰቡንም በመኪናው ይዞ ያስገባል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። በዋይትቪሉ ቀን ትሪፕል ኤ ቢኖረን የሚተርፈን የመጎተቻው 145 ዶላር ነበር። ጥገናውን አይከፍልልንም፤ ዕቃውንም አያፋጥንም፤ ባለቤቴን ለዓርብ ማታ አያደርሰውም። ያን ቀን የሚያድነን የነበረው እሑድ ዕለት መካኒክ ዘንድ መሄድ ነበር። አባልነት ለጥንቃቄ ምትክ አይሆንም።

ሆኖም መኪናችን አሮጊት ስለ ነበረች፣ የበኩር ልጃችንም መንዳት ሊጀምር ስለ ነበረ፣ ተስማምተን በሁለተኛው ደረጃ ገባን። ለሁለታችን በዓመት 160 ዶላር ገደማ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ ጠራናቸው፤ ቁልፉን መኪና ውስጥ የቆለፍኩት እኔው ነኝ። በሁለተኛው ዓመት አንድም ጊዜ አልጠራንም። በሒሳብ ብቻ ካየነው ከስረናል። እኔ ግን በዝናብ ሌሊት ከሴቶች ጸሎት ብቻዬን ስመለስ ባለቤቴ ተረጋግቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ ጻፍነው። በሦስተኛው ዓመት የአምራች ርዳታ ያላት መኪና ስንገዛ አባልነቱን አቆምን። ለዕድሜ ልክ ቃል የገባነው ለጋብቻችን እንጂ ለካርድ አይደለም።

ስለዚያች እኅት

ከጉዞው እንደ ተመለስን የእኅቴን ክበብ ሰረዝኩ፤ ከእርስዋም ሸሸሁ። በአምልኮ ሰዓት እርስዋ በቀኝ ስትቀመጥ እኔ በግራ እቀመጥ ነበር። ሰላምታዬም ቀዘቀዘ። በቤቴ ይቅርታ ተደራርገን ሳለ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቂም ይዤ ወራት ቆየሁ። ጌታም ዝም አላለኝም። በመከር ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤትዋ ሄድኩ።

ቡና አፈላችልኝ። የሆነውን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። እርስዋም የራስዋን ገንዘብ አስገብታ ከስራለች፤ ውሉንም እንደ እኔው አላነበበችውም። ከዚያ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «እኅቴ፣ እምቢ ብትይኝ እኮ አልቀየምሽም ነበር። ዝም ብለሽ ስትርቂኝ ነው የጎዳሽኝ።»

ጌታ ቃላችን አዎን ወይም አይደለም ይሁን ብሎ ማስተማሩን (ማቴዎስ 5፥37) በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ያን ዕለት ግን ለእኔ ሆነ። የተቸገረች እኅት ስትመጣ ከቻልን በግልጽ እንስጣት፤ በማንፈልገው ግዢ ስጦታችንን አንሸፍን። የምትሸጠው ነገር ካልጠቀመን ደግሞ በፍቅር «አይሆነኝም» እንበላት። እንዲህ ያለ «አይሆነኝም» ኅብረትን አያፈርስም፤ የእኔን ያፈረሰው የውሸት እሺታዬ ነበር። ዛሬ እርስዋ ጥሩ ሥራ አላት፤ በሴቶች ኅብረትም አብረን እናገለግላለን።

ባለፈው ሰመር በዚያው መንገድ ወረድን። ከመነሣታችን በፊት መኪናዋ ታየች፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት ተነበበ፣ ተንበርክከንም ጸለይን። ኤግዚት 81 ሲቃረብ ባለቤቴ «ዛሬ እንኳ አናልፈውም» ብሎ ሣቀ። በ77 ወደ ፋንሲ ጋፕ ደረስን። ከዚያ ወደ ሰሜን ካሮላይና የሚወርደው ቁልቁለት የዓባይን በረሃ ያስታውሳል፤ ጭጋጉም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያ ጭጋግ 95 ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መብራቱን አበራ፤ እኔም ዝም ብዬ በልቤ ጸለይኩ። ጭጋጉን ጨርሰን ስንወጣ ሜዳው ከፊታችን ተዘረጋ።

ውድ ባልና ሚስት፣ ከሚቀጥለው ጉዞአችሁ በፊት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ተቀመጡ። ኪሳራውን ቁጠሩ፤ የደበቃችሁትን ተነጋገሩ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። አባል ብትሆኑም ባትሆኑም የእግዚአብሔር መልካም እጅ በላያችሁ ትሁን። መንገዳችሁን ጌታ ያቅናላችሁ። አሜን።